የአባቴ የድሮ ስቴሪዮ ሪሲቨር ይበራል፣ ድምፅ ግን አይሰጥም፤ «አውትፑቱ ተቃጥሏል» የተባለው እውነት ይሆን?

የሹፌሩ ልጅ (ደሴ፣ ሆጤ)

ጤና ይስጥልኝ። የቆዩ የድምፅ ዕቃዎችን በመጠገን ልምድ ያላችሁ ሰዎች እንድትመክሩኝ ይህን ጥያቄ አቅርቤያለሁ። ነገሩን ከሥሩ ካላስረዳሁ መልሱም ግምት ብቻ ስለሚሆንባችሁ ትንሽ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

ዕቃው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የተሠራ የጃፓን ስቴሪዮ ሪሲቨር ነው፤ ራዲዮውና አምፕሊፋየሩ በአንድ ሣጥን ውስጥ ያሉበት፣ ከኋላው የሸክላ ማጫወቻና የቴፕ መሰኪያ ያለው፣ ለእያንዳንዱ ቻናል 45 ዋት የሚሰጥ ከባድ ዕቃ ነው። አባቴ በአሰብ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር በ1972 ዓ.ም. ከወደቡ ገዝቶ፣ በጋቢናው ውስጥ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በሚሌና በባቲ በኩል ኮምቦልቻ አድርሶ ወደ ደሴ አወጣው። ቤታችን ውስጥ በዚህ ሪሲቨር ያልተሰማ የትዝታም ሆነ የአምባሰል ሸክላ አልነበረም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ከተማውን ለቅቀን ስንወጣ ከክብደቱ የተነሣ ይዘነው መሄድ አልቻልንም፤ ስንመለስ ግን ከአልጋው ሥር አባቴ ባለበሰው ጨርቅ እንደተሸፈነ አገኘነው። አባቴ ዛሬ በሕይወት የለም፤ ስለዚህ ዕቃውን ለመጣልም ሆነ ሆዱን አውጥቶ በሌላ ነገር ለመሙላት እጄ አይታዘዝልኝም።

ችግሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። በመጀመሪያ የግራው ቻናል፣ ቮሊዩሙ ዝቅ ሲል ድምፁ ይጠፋና ከፍ ሲደረግ ድንገት ይመለስ ነበር። ቀጥሎ ደግሞ ዕቃው ሲበራ በ5 ሰከንድ ውስጥ ከሆዱ ይሰማ የነበረው «ቀጭ» የሚል ድምፅ መዘግየት ጀመረ፤ አንዳንድ ቀን ግማሽ ደቂቃ ያህል ካስጠበቀ በኋላ ነበር የሚሰማው። አሁን ግን ጭራሹን ቀርቷል። የመስታወቱ መብራት ይበራል፣ ጣቢያ ሲገኝ የሞገዱን ጥንካሬ የሚያሳየው መርፌም ይነሣል፤ ከሁለቱም ስፒከሮች ግን የሚወጣ አንዳች ድምፅ የለም።

ከተማችን ውስጥ ወዳለ አንድ ጥገና ቤት ወስጄው ነበር። ክዳኑን ከፍተው ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ «አውትፑቱ ተቃጥሏል፤ መለዋወጫው ከገበያ ስለጠፋ ውስጡን አውጥተን አዲስ የቻይና ቦርድ እንክተትበት» አሉኝ። አውትፑት ያሉት ለስፒከሮቹ ኃይል የሚሰጡትን ትራንዚስተሮች ነው። ሲናገሩ በቴስተር ሲለኩ ስላላየሁ ልቤ አልተቀበለውም፤ ዕቃውንም ይዤ ተመለስኩ። እጄ ላይ ዲጂታል ቴስተር፣ ባለ 40 ዋት ካውያ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ አሉኝ። የማስፋፊያ ሶኬት መበየድና የስፒከር ገመድ መቀጠል እችላለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ሙያ ግን የለኝም። አውትፑቱ በእርግጥ መቃጠሉን ራሴ የማረጋግጥበት መንገድ አለ? ከየትስ ልጀምር?

የኮምቦልቻዋ መምህርት

ወንድሜ፣ ዕቃውን ይዘህ መመለስህ መልካም ነው። እኔ ኮምቦልቻ በቴክኒክና ሙያ ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ፤ ለተማሪዎቼ በመጀመሪያው ሳምንት የምነግራቸውን ለአንተም እነግርሃለሁ። ክዳኑን ከመክፈትህ በፊት ከኋላ ያለውን የቮልቴጅ መምረጫ ተመልከት። ለወደብ ገበያ የተላኩት ዕቃዎች ከ110 እስከ 240 ቮልት ድረስ የሚመረጥበት ማዞሪያ አላቸው፤ አንድ ሰው ሳያውቅ ነክቶት ከሆነ ቀጥሎ የምንለካው ሁሉ ያሳስተናል። የግድግዳህንም መብራት ራሱን ለካው፣ በአንድ ሰዓት ብቻ ሳይሆን በምሽትም በሌሊትም።

ስፒከሮቹን ንቀላቸው። ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ የአባትህ ስፒከሮች ከዚህ ዕቃ ጋር አይገናኙ።

ሶኬቱን ነቅለህ ክዳኑን ስትከፍት ሁለት ትልልቅ፣ እንደ ቆርቆሮ ጣሳ የቆሙ ካፓሲተሮች (የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች) ታያለህ። ሶኬቱ ቢነቀልም እነዚህ ኃይል ይዘው ይቆያሉ። በካቻቢቴ ጫፍ አገናኝተው የሚያራግፉ ሰዎች አሉ፤ ብልጭታው ካፓሲተሩንም ዓይንንም ይጎዳልና እንዳታደርገው። በሁለት ገመድ ላይ የታሰረ ባለ ክር አምፖል ይበቃል፤ ገመዶቹን በካፓሲተሩ ሁለት ጫፎች ላይ ለ10 ሰከንድ ያህል ያዝ፣ ከዚያም በቴስተር ለክተህ ከ1 ቮልት በታች መውረዱን አረጋግጥ። ይህን እያንዳንዱን ጊዜ፣ እጅህን ወደ ውስጥ ከማስገባትህ በፊት ታደርገዋለህ።

ፊውዙንም አውጥተህ እየው። ስንት አምፔር እንደሚል ከዕቃው ጀርባ ከተጻፈው ጋር አመሳክር፤ ቀደም ሲል የነካው ባለሙያ ካለ የሥራው ጠባይ መጀመሪያ የሚታየው ፊውዙ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ዕቃውን በቀጥታ ግድግዳ ላይ አትሰካው። ባለ 100 ዋት የድሮ ባለ ክር አምፖል ከአንዱ የመብራት መስመር ጋር በተከታታይ አስገባ፤ ቆጣቢ አምፖልም ሆነ ኤልኢዲ ለዚህ ሥራ አያገለግልም። ውስጥ ሾርት ያደረገ ነገር ካለ አምፖሉ በሙሉ ኃይሉ በርቶ ይቀራል፣ ዕቃህም ይተርፋል። ጤነኛ ከሆነ ግን ካፓሲተሮቹ እስኪሞሉ ቦግ ብሎ ወዲያው ይደበዝዛል። አውትፑቱ ተቃጥሏል መባሉን መጀመሪያ የሚመሰክርልህ ወይም የሚያስተባብልልህ ይህ አምፖል ነው።

ከደበዘዘልህ የቴስተሩን ጥቁር ገመድ ከጥቁሩ የስፒከር መሰኪያ ጋር አያይዘህ እነዚህን ለካ፦ የሁለቱን ትልልቅ ካፓሲተሮች ቮልቴጅ፣ አንዱ ፖዘቲቭ ሌላው ኔጋቲቭ ሆኖ ተቀራራቢ መሆን አለበት፤ ከዚያም የእያንዳንዱን ቻናል መውጫ፣ ከሪሌዩ በፊት (ሪሌይ ማለት «ቀጭ» ብሎ ስፒከሩን ከአምፕሊፋየሩ ጋር የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ነው)። መውጫውን የምታገኘው ከሙቀት ማስወገጃው ብረት አጠገብ ያሉት ሁለት ነጭ የሲሚንቶ ሪዚስተሮች (የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገድቡ ዕቃዎች) እርስ በርሳቸው በሚገናኙበት ቦታ ነው። የቴስተሩ ጫፍ እንዳይንሸራተት ተጠንቀቅ፣ በአንድ እጅህ ብቻም ሥራ። እዚያ የምታገኘው ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ቻናሉ ጤነኛ ነው፤ ብዙ ቮልት ካገኘህ ግን ጥገና ቤቱ ያለህ ትክክል ነበር ማለት ነው።

የሹፌሩ ልጅ (ደሴ፣ ሆጤ)

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያልሽውን ቅደም ተከተል ሳልዘል ሠርቻለሁ።

መምረጫው 220 ላይ ነው። የግድግዳው መብራት ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ 191 ቮልት፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ደግሞ 239 ቮልት ሆኖ አገኘሁት፤ ልዩነቱ ይህን ያህል ይሰፋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ፊውዙን ሳወጣው ደነገጥኩ። የመስታወቱ ፊውዝ ከውስጥ ከተቃጠለ ቆይቷል፤ ከላዩ ግን ከኤሌክትሪክ ገመድ የተገነጠለ የመዳብ ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጠምጥሞበት በሊድ ተበይዷል። መቼ እንደተደረገ፣ በማን እጅ እንደተደረገ አላውቅም። በዕቃው ጀርባ እንደተጻፈው ባለ 2 አምፔር አዲስ ፊውዝ ገዝቼ ተካሁት።

አምፖሉ ቦግ ብሎ ወዲያው ደበዘዘ፤ ውስጡ ያለው ክር ብቻ ቀላ ብሎ ይታያል። ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ፖዘቲቭ 34.1 እና ኔጋቲቭ 33.9 ቮልት ሰጡኝ። የግራው ቻናል መውጫ 31 ሚሊቮልት፣ የቀኙ 18 ሚሊቮልት ነው። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ለካሁት፤ አልተለወጠም። እንግዲህ በአንቺ መለኪያ ሁለቱም ቻናሎች ጤነኞች ናቸው። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ግን አሁንም የለም።

ዲጄ (ኮምቦልቻ)

አምፕሊፋየሩ ጤነኛ ከሆነ ነገሩ አልቋል። የሪሌዩን መግቢያና መውጫ በሽቦ አገናኘውና ስፒከርህን ሰክተህ ስማ። እኔ ለሠርግ የማከራየው አንድ አምፕሊፋየር እንደዚያ ተደርጎ ሁለት ዓመት ሠርቷል።

አሮጌ ራዲዮ ሠሪ (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

ልጄ፣ በሪሌዩ ላይ ሽቦ አታድርግ። ፊውዙ ላይ የመዳብ ክር የጠመጠመውም ሰው ያሰበው ይህንኑ ነበር፤ ዕቃው ለጊዜው እንዲሠራ የሚጠብቀውን ነገር ማስወገድ። አምፕሊፋየሩ ዛሬ ጤነኛ ነው፤ ነገ አንድ የአውትፑት ትራንዚስተር ሾርት ቢያደርግ ያ ከ30 ቮልት በላይ የሆነ ቀጥተኛ ኃይል ሳይቋረጥ ወደ ስፒከሩ ይሄዳል። ባለ 8 ኦም ስፒከር በቴስተር ሲለካ 6 ኦም ገደማ ነው፤ ስሌቱን ብትሠራው በጣት የማይሞላ ቀጭን ጥቅል ሽቦ ውስጥ ከ150 ዋት በላይ ሙቀት ይገባል ማለት ነው። ስፒከሩ ያለ አንዳች ድምፅ ይጨሳል። ሪሌዩ የተቀመጠው ለዚያች ቅጽበት ነው።

አሁን ወደ ጉዳይህ ልመለስ። መምህርቷ ያስለካችህ ሁሉ የሚገባ ነው፣ ውጤቱም አውትፑትህ እንዳልተቃጠለ በግልጽ ያሳያል። ለእኔ ግን ከሁሉ በላይ የነገረኝ በመጀመሪያው ጽሑፍህ ውስጥ ያለው አንድ ነገር ነው፤ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ በአንድ ቀን አልቀረም፣ መጀመሪያ ዘገየ፣ ከዚያ ግማሽ ደቂቃ ደረሰ፣ በመጨረሻ ጠፋ ብለሃል። የተቃጠለ ትራንዚስተር ቀጠሮ አይሰጥም። እንዲህ እያዘገመ የሚሄድ በሽታ የካፓሲተር በሽታ ነው።

የመከላከያው ክፍል እንዴት እንደሚሠራ ልንገርህ። ዕቃው ሲበራ በውስጡ ያለው ኃይል እስኪረጋጋ ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋል፤ በዚያን ጊዜ ስፒከሩ ተገናኝቶ ቢሆን ትልቅ ጥይት የመሰለ ድምፅ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ሪሌዩን የሚስበው ትንሽ ትራንዚስተር ወዲያው እንዳይከፈት በመግቢያው ላይ አንዲት ካፓሲተር ተደርጋለች። ካፓሲተሯ በአንድ ሪዚስተር በኩል ቀስ እያለች ትሞላለች፤ ከ1 ቮልት ትንሽ ከፍ ስትል ትራንዚስተሩ ይከፈታል፣ ሪሌዩም «ቀጭ» ይላል። ከ40 ዓመት በላይ በሙቀት አጠገብ የኖረች ካፓሲተር ግን እንደ ተነቃ እንስራ ናት፤ የሚገባው ኃይል በሥሯ ያፈስሳል። ማፍሰሱ ትንሽ ሲሆን ለመሙላት ይዘገይባታል፤ ማፍሰሱ ሲበዛ ከነጭራሹ አትሞላም። የአንተ ዕቃ የሄደበት መንገድ ይህ ይመስለኛል። ይመስለኛል ያልሁት ሳይለካ ስለማይታወቅ ነው።

በቅድሚያ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አምፖሉ በመስመሩ ላይ እስካለ ድረስ ለዕቃው የሚደርሰው ኃይል ስለሚቀንስ ጤነኛ ሪሌይ እንኳ ላይስብ ይችላል። አምፖሉ ደብዝዟል፣ የቻናሎቹም መውጫ መልካም ነው፤ እንግዲህ አምፖሉን አውጥተህ፣ ስፒከር ሳትሰካ፣ በአዲሱ ፊውዝ በቀጥታ አብራው። ያን ጊዜም ካልሳበ የሚከተለውን ለካ።

የሪሌዩን ጥቅል ሽቦ ሁለት እግሮች ፈልግና እያንዳንዱን ከመሬት (ከጥቁሩ የስፒከር መሰኪያ) አንጻር ለካ። ሁለቱም እግሮች ላይ እኩል፣ 39 ቮልት የሚያህል ካገኘህ ጥቅሉ አልተበጠሰም፣ የሚመግበው መስመርም አለ፣ ነገር ግን ምንም እየፈሰሰ አይደለም፤ ቧንቧው ሞልቶ ቁልፉ አልተከፈተም ማለት ነው። በአንዱ እግር ላይ ብቻ ካገኘህ ጥቅሉ ተበጥሷል። በሁለቱም ላይ ምንም ከሌለ ደግሞ ወደ ሪሌዩ የሚወስደው ሪዚስተር ተቃጥሎ ይሆናል።

ቀጥሎ የመዘግየቷን ካፓሲተር ፈልግ። ብዙውን ጊዜ ከሪሌዩ አጠገብ ያለች፣ ከ47 እስከ 220 ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር መጠን መለኪያ) የሆነች ትንሽ ካፓሲተር ናት። ዕቃው ሲበራ በላይዋ ያለውን ቮልት ተከታተል፤ እያደገ ሄዶ ከ1 ቮልት በታች ቆሞ ከቀረ ጥርጣሬያችን ይጠነክራል። ማረጋገጫው ግን ይህ ነው፤ ዕቃውን አጥፍተህ፣ ነቅለህ፣ ኃይሉን አራግፈህ፣ የካፓሲተሯን አንድ እግር ብቻ ከቦርዱ ላይ በካውያ አንሣው። ከዚያ አብራ። ጥፋቱ የእርሷ ከሆነ ሪሌዩ ምንም ሳይጠብቅ ወዲያው ይስባል። ካልሳበ ግን እርሷ ንጹሕ ናት፤ የቻናሎቹን መውጫ የሚጠብቁት ትንንሽ ትራንዚስተሮች ናቸው መስመሩን የሚይዙት፣ ፍለጋውንም ወደዚያ እናዞራለን። ይህን ሙከራ የምታደርገው ለፍለጋ ብቻ ነው፤ በዚያ ሁኔታ ስፒከር አይሰካም።

በነገራችን ላይ «ድምፅ የለውም» ለሚባል ዕቃ ሁሉ ፊት ለፊት ያሉትን ቁልፎች ሳላይ ካቻቢቴ አላነሣም። አንድ ጊዜ አንድ አባት ከሐይቅ ድረስ ተመሳሳይ ሪሲቨር በጆንያ ጠቅልለው አመጡልኝ፤ ሁለት ቦታ ገንዘብ ከፍለውበታል። የቴፕ ሞኒተሩ ቁልፍ ተጭኖ ነበር። ያ ቁልፍ ሲጫን ዕቃው ድምፁን ከቴፕ መሰኪያው ስለሚጠብቅ፣ ቴፕ ካልተሰካ ዝም ይላል። አዛውንቱ ፊት ቁልፉን አንድ ጊዜ ነካሁት፣ ራዲዮውም ተናገረ፤ እርሳቸው ግን ለቀደሙት ባለሙያዎች የከፈሉት አልተመለሰላቸውም። በአንተ ዕቃ ላይ «ቀጭ» የሚለው ስለቀረ ነገሩ ያ አይደለም፤ ቢሆንም ስታጠናቅቅ ቁልፉ ወደ ውጭ መሆኑን ተመልከት።

የሹፌሩ ልጅ (ደሴ፣ ሆጤ)

ጋሼ፣ እጅዎን ይባርከው። ትናንት ማታ እንዳሉኝ አድርጌ የሆነውን ልንገርዎ።

አምፖሉን አውጥቼ በቀጥታ ሳበራው ሪሌዩ አልሳበም። ሁለቱም የጥቅሉ እግሮች ላይ 39.2 ቮልት አገኘሁ። የመዘግየቷ ካፓሲተር ባለ 100 ማይክሮፋራድ ናት፤ በላይዋ ያለው ቮልት ከዜሮ ተነሥቶ 0.4 ላይ ደርሶ እዚያው ቆመ። አሥር ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ከዚያ አላለፈም።

አጥፍቼ፣ ኃይሉን በአምፖሉ አራግፌ፣ አንድ እግሯን አነሣሁ። ቁልፉን በተጫንኩባት ቅጽበት «ቀጭ» አለ። ያንን ድምፅ ከሰማሁ ወራት አልፈውኝ ነበር፤ ለጥቂት ጊዜ ቴስተሩን ይዤ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ካፓሲተሯን ሙሉ በሙሉ አውጥቼ ስመረምራት ከሥሯ ያለው ላስቲክ ቡናማ ሆኖ ረጥቧል። በቴስተሩ የኦም መለኪያ ላይ ሳደርጋት ቁጥሩ እያደገ መሄድ ሲገባው 3.8 ኪሎኦም ላይ ቆሞ ቀረ። ለምን እንደተበላሸችም ያወቅኩ ይመስለኛል፤ ከጎኗ፣ ምናልባት ሁለት ሚሊሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ወደ ሪሌዩ ኃይል የሚያሳልፈው ሪዚስተር ተቀምጧል፤ ከሥሩ ያለው ቦርድ በሙቀቱ ጠቁሯል። ሪዚስተሩን ለካሁት፣ ከተጻፈበት አልራቀም።

አራዳ ከሚገኝ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ባለ 100 ማይክሮፋራድ፣ 25 ቮልት፣ እስከ 105 ዲግሪ የሚችል ካፓሲተር ገዛሁ። የቀድሞዋ 10 ቮልት የምትችል ነበረች፤ ከፍ ያለው እንደማይጎዳ መምህርቷን በግል ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ከመበየዴ በፊት በቴስተሬ ስለካው 96 ማይክሮፋራድ አሳየኝ። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ሁለት ጊዜ አመሳክሬ በየድኩት፤ ከሪዚስተሩም ራቅ እንዲል እግሮቹን ረዘም አድርጌ ወደ ሌላው ጎን አጋደምኩት። አሁን በ5 ሰከንድ ውስጥ ይስባል፣ ደጋግሜም ሞክሬዋለሁ።

መጀመሪያ ከመኪና የተፈታ አሮጌ ስፒከር ሰክቼ ሰማሁ፣ ከዚያም የአባቴን ስፒከሮች አገናኘሁ። ድምፁ መጥቷል። ቮሊዩሙን ዝቅ ሳደርግ ግን የግራው ቻናል አሁንም ይጠፋል፤ ከፍ ሳደርገው ይመለሳል። የስፒከሮቹን ገመድ ብለዋውጥም የሚጠፋው ከግራው መውጫ የሚወጣው ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የስፒከሩ አይደለም። ቮሊዩሙ ሲዞርም ይንኮሻኮሻል። ይህ ሌላ በሽታ ነው ወይስ የዚያው ቅጥያ?

የኮምቦልቻዋ መምህርት

ሥራህን ሳነብ ተማሪዎቼ ቢያዩት ብዬ ተመኘሁ። የእኔ ሐሳብ፣ አንዲት ካፓሲተር እንደዚህ ከሆነች እኩዮቿም ከእርሷ የተሻሉ አይሆኑምና በዕቃው ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ካፓሲተሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ብትቀይራቸው ይሻላል የሚል ነው። እድሜያቸው አንድ ነው። ክዳኑ ከተከፈተ ላይቀር፣ በየስድስት ወሩ ከመክፈት ይሻላል።

አሮጌ ራዲዮ ሠሪ (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

እዚህ ላይ ከመምህርቷ ጋር እለያያለሁ፤ ምክንያቴን ግን ልናገር። ካፓሲተሮቹ ማርጀታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቦርድ የሚበይድ ሰው ሠላሳና አርባ ካፓሲተር በአንድ ሌሊት ቢቀይር፣ አንዷን ገልብጦ ቢያስገባ ወይም ቀጭኑን የመዳብ መስመር ከቦርዱ ቢያላቅቅ፣ በማግስቱ ጥፋቱን የት ብሎ ይፈልጋል? የሚሠራ ዕቃ ነበር፣ የማይሠራ ይሆናል። በገበያ ላይ ያሉት ካፓሲተሮችም ሁሉም በላያቸው የተጻፈውን የሚያህሉ አይደሉም። ስለዚህ መቀየር የምትፈልግ ከሆነ አንድ ክፍል ወይም አንድ ቦርድ ብቻ ጨርስ፣ አብራ፣ ስማ፣ ለካ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፍ። ትልልቆቹን ሁለቱን ደግሞ ሳያስፈልግ አትንካቸው። እነርሱ ሲደክሙ ከሁለቱም ስፒከሮች ቮሊዩሙ ዜሮ ላይ ሆኖ እንኳ የማይለወጥ ጉምጉምታ ይሰማል፤ አንተ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አልጻፍህም።

ስለ ግራው ቻናል፣ ሪሌዩን ራሱን እጠረጥራለሁ። በውስጡ ለእያንዳንዱ ቻናል የሚገናኙ የብር ሽፋን ያላቸው ትንንሽ ነጥቦች አሉ። በደሴ ክረምት ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ቤት ድረስ ሲገባ ታውቃለህ፤ ያለ ሥራ ተሸፍኖ የኖረ ዕቃ ውስጥ እነዚያ ነጥቦች ይጠቁራሉ። ድምፁ ዝቅተኛ ሲሆን ያቺን ቀጭን ጥቁር ሽፋን አልፎ መሄድ ያቅተዋል፣ ቮሊዩሙ ሲጨምር ግን ሰብሮ ያልፋል። ሲጠፋና ሲመለስ የኖረው ለዚህ ይመስለኛል።

የሪሌዩ ክዳን ግልጽ ፕላስቲክ ከሆነ ጎንና ጎኑን ቀስ ብለህ ስትጫነው ይወጣል። ዕቃው ተነቅሎ፣ ኃይሉ ተራግፎ መሆኑን አትርሳ። ከደብተር ወፈር ያለ ወረቀት፣ ለምሳሌ ከአሮጌ ፖስታ ካርድ፣ ቀጭን ቁራጭ ቀድደህ ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ አልኮል አርስው፤ በሁለቱ ነጥቦች መካከል አስገባና በጣትህ ነጥቦቹን በስሱ እየጫንህ ወረቀቱን ሳበው። ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ቁራጩን እየቀየርህ ደጋግም፤ መጨረሻ ላይ በደረቅ ወረቀት ጨርስ። የብርጭቆ ወረቀት ፈጽሞ አታስገባ፣ የብሩን ሽፋን ይገፈዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚታደገው አዲስ ሪሌይ ብቻ ነው። ነጥቦቹ ተቦርቡረው ካገኘሃቸውም ያው ነው፤ የጥቅሉ ቮልቴጅ 24፣ እግሮቹም እንደ ቀድሞው የተደረደሩ ሪሌይ መፈለግ ይኖርብሃል።

ለቮሊዩሙ ኮንታክት ክሊነር የሚባለውን ስፕሬይ ግዛ፤ በማዞሪያው ጀርባ ባለው ቀዳዳ ጥቂት ብቻ ነፍተህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሠላሳ ጊዜ ያህል አዙረው፣ እስኪደርቅም አንድ ሰዓት ስጠው። ነጭ ጋዝም ሆነ ናፍጣ የሚያስገቡ አሉ፤ ለአንድ ሳምንት ያማረ ይመስላል፣ ከዚያ አቧራ ይዞ ይደነድናል። የሌሊቱ 239 ቮልትም ያሳስበኛል፤ የጠቆረውን ቦርድ ያጠቆረው በከፊል እርሱ ሳይሆን አይቀርም። ከቻልህ ስታቢላይዘር አስገባለት፤ ካልቻልህ መምረጫውን ሌሊት ሌሊት 240 ላይ አድርገው፣ ዕቃው ጠፍቶ ሳለ።

ስትጨርስ አንድ ነገር አድርግልኝ። የቀየርኸውንና የለካኸውን ሁሉ ከነቀኑ በወረቀት ጽፈህ ከክዳኑ ውስጠኛ ፊት ላይ ለጥፈው። ያን የመዳብ ክር የጠመጠመው ሰው እንዲህ አድርጎ ቢሆን አንተም አትደነግጥም ነበር።

የሹፌሩ ልጅ (ደሴ፣ ሆጤ)

ጋሼ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሪሌዩን ከፈትኩት። የመጀመሪያው ወረቀት በእርሳስ የተሰመረ የመሰለ ጥቁር መስመር ይዞ ወጣ፤ ከቀኙ ቻናል ነጥቦች የወጣው ግን ግራጫ ብቻ ነበር። በስድስተኛው ወረቀት ሁለቱም ነጹ። ነጥቦቹ አልተቦረቦሩም።

ቮሊዩሙንም አጽድቼ እስኪደርቅ ጠብቄ፣ የቴፕ ሞኒተሩ ቁልፍ ወደ ውጭ መሆኑን አይቼ፣ አንድ የአምባሰል ሸክላ አስቀመጥኩ። ማዞሪያውን ድምፁ ሊሰማ የሚችልበት የመጨረሻው ዝቅተኛ ቦታ ላይ አድርጌ የሸክላው አንድ ገጽ እስኪያልቅ ተቀመጥኩ፤ ግራው አንድ ጊዜም አልጠፋም። ከአንድ ሰዓት ሥራ በኋላ እንደገና ስለካ የግራው መውጫ 27፣ የቀኙ 19 ሚሊቮልት ነው።

እህቴ፣ የምክርሽንም ነገር አልተውኩትም። የፎኖውን (የሸክላ ማጫወቻውን ድምፅ የሚያጎላውን) ቦርድ ብቻ ለብቻው አንድ ቀን እቀይረዋለሁ፣ ከበጋው በኋላ፣ እጄ ከለመደ። ስታቢላይዘር ግን ዛሬውኑ ማፈላለግ ጀምሬያለሁ።

ወረቀቱንም ለጥፌዋለሁ። የካፓሲተሯን ልክ፣ የፊውዙን 2 አምፔር፣ የሁለቱን ቻናሎች መለኪያ፣ የምሽቱንና የሌሊቱን ቮልቴጅ ጽፌ፣ ከላይ አባቴ ዕቃውን የገዛበትን ዓመተ ምሕረት አስቀድሜበታለሁ።